እናትህ ደጅ ደርሰሃል?

ያረፉት አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ላሊበላ አስጎብኚ ነበሩ። ከሰው አገር የተመለሰን ሁሉ ሰላምታውን ሳይጨርሱ፣ «እናትህ ደጅ ደርሰሃል?» ይሉት ነበር።

አንድ ቀን አብሬያቸው ወደ አሸተን ማርያም ስወጣ አንድ የማሌዥያ እንግዳ፣ «አያቶቼ ከሱማትራ የፈለሱ፣ ሚናንግካባው ከሚባል ነገድ ናቸው። እኔ ማላይ ልሁን ሚናንግካባው፣ ገና እየፈለግሁ ነው» አላቸው።

«እናትህ ቤት ማን አለ?»

«እህቴ። በወጋችን ቤት የሴት ልጅ ነው።»

«ታዲያ ምን ጠፋብህ?» ብለው ሳቁ።

ለቅሷቸው ላይ ከከተማ የመጡት የወንድማቸው ልጆች፣ ንፍሮ በአፋቸው እንደያዙ፣ «አገው ነበሩ»፣ «አማራ ነበሩ» ብለው ድንኳኑ ውስጥ ተናነቁ። አስጠሉኝ። ብልባላ ተዘግቶ የቆየውን የአያታችንን፣ የአጎቴን እናት ቤት አንዳቸውም ሳይረግጡ ተመለሱ።

እኔ ሄጄ ከፈትሁት። ስመለስ ግን «ደርሰሽ መጣሽ?» የሚለኝ አጣሁ።