አባቴ ፔዳሉን የረገጠበት ቀን

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ዳዊት ደብረ ማርቆስ ባለው ግቢያችን ውስጥ መኪናውን አቁሞ «አባዬ፣ ና እስቲ ፍሪሲዮን ርገጥልኝ» አለኝ። ማርሹ አልገባ ብሎታል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ምንም ሳይቃወም ዝም ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ብቸና ያለችው እህቴ አሟታል ተብሎ ልናያት ነበር። ጋራዥ ውሰደው ስለው «ለዚህች ለዚህች?» ብሎ ሳቀብኝ። ወገቤን ደግፌ ገባሁና መሪውን ያዝኩ። እሱ ካርቶን አንጥፎ ከሥር ተንሸራተተ።

«ርገጥ» አለኝ። ረገጥኩ። «እንዳትለቅ።» የዘንድሮ ልጅ አባቱን አንተ ነው የሚለው፤ ለምደነዋል። እግሬ እዚያው ቀረ፣ ሐሳቤ ግን ወዳደግሁባት አምበር ሄደ።

ያኔ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ገና መውጣቴ ነበር፤ ስለ መኪና የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። አባቴና ደብረ ወርቅ የሚኖረው ታናሽ ወንድሙ፣ አጎቴ ጥሩነህ፣ ተጋግዘው የገዟት አሮጌ ፒክአፕ ነበረችን። እህልና ድንች ትጭናለች፣ ሙሽራ ታመጣለች፣ በሽተኛ ታደርሳለች፤ ስትበላሽ ደግሞ የዶሮ ማደሪያ ትሆናለች። ወሩ ነሐሴ፣ ጾሙ ፍልሰታ ነበር። የነሐሴን የአምበር ጭቃ የረገጠ ያውቀዋል፤ ጫማ ይዞ ያስቀራል። ከየቤቱ የሚቀቀል ድንች ይሸታል፤ ጿሚው ቅዳሴ እስኪወጣ አይቀምሰውም እንጂ ከሰናፍጭ ጋር እንደዚያ የሚጣፍጥ ነገር የለም።

በማለዳ ጎረቤታችን አያ ሞላ በአጥር በኩል ጠራኝ። የእድራችን ዳኛ ነው፤ በሰፈሩ ስልክ ያለውም እሱ ቤት ብቻ ነበር።

«ጥሩነህ ዐርፏል» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ለአባትህ ታሟል ብዬዋለሁ። እዚያ ሲደርስ ከወገኑ መሀል ሆኖ መርዶውን ይረዳል። መኪናዋን ቶሎ አስነሳ። ፊትህንም አስተካክል።»

በእኛ አገር ሰው የወንድሙን ሞት ብቻውን አይሰማም። መንገድ ላይም፣ እንግዳ ሰው ፊትም አይነገረውም። ንስሐ አባቱ፣ ጎረቤቱ፣ ዘመዱ ተሰብስቦ፣ ቢወድቅ የሚያነሳው ሲኖር ነው መርዶ የሚነገረው። ደግ ልማድ ነው፤ ዛሬም ደግ ነው እላለሁ። ያን ቀን ግን ሸክሙ የእኔ ሆነ።

ፊቴ ይቅርና መኪናዋም አልስተካከል አለች። ሞተሩ ይነሳል፣ ማርሹ አይገባም፤ የፍሪሲዮኑ የዘይት መስመር ውስጥ አየር ገብቷል። ሥራው ራሱ ቀላል ነው፣ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፤ ሌላው ከሥር ትንሿን ብሎን ሲፈታት ዘይቱ አየሩን ይዞ ይወጣል። ብሎኗ ሳትጠብቅ እግር ከተነሳ ግን የወጣው ሁሉ ተመልሶ ይገባል። የሚረግጥልኝ ሰው ስፈልግ አባቴ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መጣ።

«እኔ አለሁ አይደለም እንዴ?» አለ።

ከጤና ጣቢያ የለመንኩትን የግሉኮስ ቱቦ ብሎኗ ላይ ሰካሁ፤ ሌላውን ጫፍ የፍሬን ዘይት ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ነከርኩት። «ይርገጡ» እላለሁ። «እንዳያነሱ።» ከዚያ «አሁን ያንሱ።» አባቴ ከላይ ይስቃል። «እኔን የሚያዝ ልጅ ወለድኩ። ይሄንን ለጥሩነህ መንገር አለብኝ» ይላል። በቱቦው ውስጥ አረፋው ተከታትሎ ሲወርድ መጀመሪያ ደስ አለኝ። እንደማያልቅ ሳይ ደግሞ ፈራሁ። የላይኛው ፓምፕ ላስቲክ አርጅቶ፣ እግሩን ባነሳ ቁጥር አዲስ አየር እንደሚስብ የገባኝ ኋላ ነው። ቢገባኝስ ምን አደርግ ነበር? ላስቲኩ አምበር አይገኝም።

ረፋድ ላይ አያ ሞላ በብቸና በኩል ወደ ደብረ ወርቅ የሚሄድ የጭነት መኪና አስቁሞ እየሮጠ መጣ። «ወንድምዓለም፣ ጋቢና ውስጥ ቦታ አለ፤ በል እንሂድ» አለው አባቴን።

አባቴ ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም። «ጥሩነህን አታውቀውም እንዴ? ሲያስነጥሰው ንስሐ አባት የሚያስጠራ ሰው ነው። አምና ሞትኩ ብሎ ልኮብኝ ስደርስ ሠርግ ቤት ሲጨፍር አይደል ያገኘሁት? ያዘጋጀሁለትን ማር ጭኜ በራሳችን መኪና ስገባ ነው የሚሻለው። ዛሬ ካልሆነ ነገ አለ።»

«የታመመ ሰው ቶሎ ሲያዩት ደስ ይለዋል» አለ አያ ሞላ።

«አባባ፣ ይሂዱ፤ እኔ እደርስብዎታለሁ» አልኩ ከሥር።

«አንተን ጭቃ ላይ ጥዬ? ሥራህን ሥራ።»

አያ ሞላ ጎንበስ ብሎ አየኝ፤ እኔም አየሁት። ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋና ሄደ። ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ጆሮዬን ከእሱ መንቀል አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ መርገጥና ማንሳት ብቻ ሆነ። አባቴ እየረገጠ የወንድሙን የልጅነት ጉድ ያወራኛል፤ ጥሩነህ ከዛፍ ወድቆ የጥጃውን ገመድ እንዳልለቀቀ፣ ጥሩነህ የቄስ ትምህርት ትቶ እንደጠፋ። ልስቅ ይገባኛል፣ እስቃለሁ። እናቴ ከጓዳ አልወጣችም። ዝናቡ ሲያካፋ ውሃው በጀርባዬ ሥር ይሄዳል። ዘጠኝ ሰዓት ሲደርስ እንደማንደርስ ካወቅሁ ቆይቶ ነበር፤ ግን ይብቃ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ስለማውቅ «ይርገጡ» ማለቴን አላቆምኩም።

ብሎኗን ፈትቼ፣ አባቴም ረግጦ እንደያዘ፣ እግሮች ወደ ግቢያችን ሲገቡ በመኪናዋ ሥር አየሁ። የአያ ሞላ ቦቲ ጫማ፣ የንስሐ አባታችን የመቋሚያ ጫፍ፣ ከኋላቸው ሌሎች ብዙ እግሮች፣ ጭቃውን ቀስ ብለው እየረገጡ። የመኪናዋ በር ጋ ቆሙ።

«ወንድምዓለም» አለ አያ ሞላ፤ «ጥሩነህ ዐርፏል። ቀብሩም ተፈጽሟል። እግዚአብሔር ያጥናህ።»

እናቴ ቀኑን ሙሉ የያዘችውን ጩኸት ከጓዳ ለቀቀችው። አባቴ አልጮኸም። ቱቦው ውስጥ ያለው ዘይት ጸጥ እንዳለ ነው፤ እግሩ አልተነሳም። ቀጠን ባለ ድምፅ፣

«ላንሳ?» አለኝ።

ብሎኗን አጠበቅሁ። «ያንሱ» አልኩት። ለቅሶው ያን ጊዜ መጣ።

የወንድሙን መቃብር ያየው በሳልስቱ ነው። እኔንም አያ ሞላንም አንድ ቀን አልወቀሰንም። ማሩን ለተዝካሩ ሰጠው። ከዚያ በኋላ ግን የጭነት መኪና በደጃችን ባለፈ ቁጥር የያዘውን ትቶ ቀና ብሎ ያየው ነበር፤ እስኪሞት ድረስ።

«ልቀቅ» አለ ዳዊት። ለቀቅሁ። «ርገጥ።» ረገጥኩ።

በመስታወቱ ወደ ቤት አየሁ። ባለቤቴ ከጠዋት ጀምሮ ደጅ አልወጣችም። ሲያየኝ ሳይቀልድብኝ አልፎ የማያውቅ ጎረቤቴ አንገቱን ደፍቶ በበሩ ሲያልፍ አየሁት። ዳዊትም የትም ለመሄድ ቸኩሎ የማያውቅ ልጅ፣ «ዛሬውኑ መድረስ አለብን» ሲል ነው ያረፈደው። ልጠይቀው አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ብጠይቀው ምን ይለኛል? እኔስ ለአባቴ ምን አልኩት? ያን ቀን የተጨነቅሁ እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ ግን ለአባቴ አዘንኩለት። ልጄም አሳዘነኝ፤ ካርቶኑ ላይ ተጋድሞ ምን እንደሚሰማው ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

«ዳዊት» አልኩት፤ «ይሄ ዛሬ የሚሆን አይመስለኝም። የሚያልፍ የጭነት መኪና ካለ አስቁምልኝ። እሄዳለሁ።»

የብሎን መፍቻው ሲሚንቶው ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። ልቀቅ እስኪለኝ ድረስ እግሬን ሳላነሳ ጠበቅሁት።