ምርጥ ረዳት ተዋናይት ከጎባ

ሮቤ ውስጥ ለእኛ ሲኒማ ቤት ማለት የፋርማሲስቱ ሳሎን ነው። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ መድኃኒት ቤቱን ለእህቱ ትቶ ይመጣና ሦስታችን እንሰበሰባለን፤ እሱ፣ ከሐዋሳ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ጓደኛችንና እኔ። እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ ከተማሪ ጋር ስጨቃጨቅ እከርምና ቅዳሜ ደግሞ ከእነሱ ጋር ልጨቃጨቅ እሄዳለሁ።

አዲስ የአማርኛ ፊልም እኛ ዘንድ የሚደርሰው አዲስ አበባ ታይቶ፣ ተወርቶለት፣ ተረስቶ፣ በመጨረሻ ዩቲዩብ ላይ ሲለቀቅ ነው። እነሱ የጠገቡትን እኛ እንደ ትኩስ ዳቦ እንሻማበታለን። አንድ ሕግ አለን። ፊልሙ አልቆ፣ መጨረሻ ላይ የሚወርዱት ስሞች በሙሉ እስኪያልቁ ማንም ትንፍሽ አይልም። ሕጉን ያወጣው የዩኒቨርሲቲው መምህር ነው፤ ፋርማሲስቱ አንድ ጊዜ ፊልሙ ገና ሲጀመር ገዳዩ ማን እንደሆነ ጮክ ብሎ ገመተ፣ ግምቱም ልክ ሆኖ የሁላችንንም ቅዳሜ አበላሸው። ስሞቹ ካለቁ በኋላ ግን እንደልብ ነው። እንግዳ ካለ መጀመሪያ የሚናገረው እንግዳው ነው፣ ከዚያ እኛ እንባላለን።

የምንባላው እንዲህ ነው። “ደግሞ ቪላ!” ይላል ፋርማሲስቱ። “ወላሂ፣ እዚህ አገር ሰው የሚዋደደው ቪላ ውስጥ ብቻ ነው እንዴ?” መምህሩን የሚያናድደው ሙዚቃው ነው፤ ተዋናዩ ገና ሊያለቅስ ሲል ፒያኖው ቀድሞት ያለቅሳል። እኔ ደግሞ የገጠር ሰው ብለው የሚያመጡትን አልችልም። ጋቢ ያለብሱታል፣ በትር ያስይዙታል፣ ከዚያ የየትም አገር ያልሆነ አማርኛ ያናግሩታል። እንዲህ እያማረርን በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና እንሰበሰባለን። ምን እናድርግ፣ ፊልም እንወዳለን።

ሽልማት ላይ ስንደርስ መምህሩ ይብስበታል። “ቆርቆሮ ነው” ይላል። “ዳኛው የዳይሬክተሩ ጓደኛ፣ ዳይሬክተሩ የስፖንሰሩ ጓደኛ። ቢሰጡህ ምን ታደርገዋለህ? ሳሎንህ ውስጥ አቧራ ይጠጣል።” ፋርማሲስቱ ሽልማት ይወዳል፤ በተለይ ቀሚሶቹን። “ሰው ለለፋበት ነገር አንድ ቀን ተነስተው ቢያጨበጭቡለት ምን አለበት?” ይላል። እኔ ሁለቱንም እሰማና ሁለቱንም እቃወማለሁ፤ ጠባዬ ነው።

ይህ ሁሉ አክስቴ ለሽልማት እስክትታጭ ድረስ ነበር።

አክስቴ የምትኖረው ጎባ ነው። ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ስትሠራ ኖራ ጡረታ ወጥታለች። እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። በደርግ ጊዜ፣ ጎባ የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ሳለች፣ የኪነት ቡድን ውስጥ ትጫወት ነበር፤ ያኔ ያዩዋት ሰዎች ዛሬም መንገድ ላይ አስቁመው ስለዚያ ያወሯታል። ቡድኑ ለውድድር አዲስ አበባ ሲሄድ ግን አያቴ “ልጃገረድ በጭነት መኪና ተጭና አገር አታቋርጥም” ብለው አስቀሯት። የሷን ቦታ ሌላ ልጅ ተጫወተችና ቡድኑ ዋንጫ ይዞ ተመለሰ። ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነው የምትነግረኝ። ግን ስንት ጊዜ እንደነገረችኝ እሷም አታውቀውም።

ባለፈው ዓመት የፊልም ሰዎች ከጎባ በላይ ያለው የሳነቴ ተራራ ላይ ለመቅረጽ መጥተው ጎባ አረፉ። የዋናው ተዋናይ እናት ሆና የምትጫወት የአገሩ ሴት ሲፈልጉ ሰዉ ወደ አክስቴ ጠቆማቸው። ሳነቴ ላይ ብርዱ ቀልድ አያውቅም። እሷ ግን በነጠላ ብቻ በር ላይ ቆማ፣ ልጇ ላይመለስ ሲሄድ የምትሸኝበትን ትዕይንት እስኪበቃቸው ድረስ ደጋግማ ሠራችላቸው። ወርዳ ስትመጣ ጉንፋን ጣላት፤ ደስታዋ ግን ከጉንፋኑም የባሰ ነበር። ለሚጠይቃት ሁሉ አልጋ ላይ ሆና ትዕይንቱን እንደገና ትጫወትለታለች።

ፊልሙ አዲስ አበባ ሲመረቅ ማንም አልጠራትም። እሷም “ረስተውኝ ነው፣ ሥራ በዝቶባቸው” አለች። ወራት አልፈው አንድ ቀን ፌስቡክ ላይ የዓመቱ የፊልም ሽልማት ዕጩዎች ወጡ፤ ምርጥ ረዳት ተዋናይት ከሚለው ሥር የአክስቴ ፎቶ አለ። ፋርማሲስቱ ራስ ምታት ክኒን ሊገዛ ለመጣው ሁሉ ስልኩን እያወጣ ያሳይ ጀመር። ቆርቆሮ ነው ይል የነበረው መምህር ደግሞ “ሽልማት እኮ የአንድ አገር የጥበብ ማስረጃ ነው” ብሎ አረፈው። ልስቅበት አስቤ ተውኩት፤ እኔም ጠዋት ለአራት ክፍል ተማሪዎች ተናግሬ ነበር የመጣሁት።

ፊልሙ ዩቲዩብ ላይ የተለቀቀው ከሽልማቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። አክስቴ ራሷን እስከዚያ ድረስ አላየችም። ቅዳሜ ፀጉሯን ተሠርታ በሚኒባስ ከጎባ መጣች። ፋርማሲስቱ በር ላይ ተቀብሎ መሃለኛው ሶፋ ላይ አስቀመጣት። “አዮ፣ ዛሬ ሳሎኑ የርስዎ ነው” አላት። አዮ የሚላት በኦሮምኛ እናቴ እንደማለት ነው። መምህሩ ሕጋችንን አስረዳት፤ እስኪያልቅ ዝም ነው፣ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚናገሩት እርስዎ ነዎት አላት።

“ፈተና አስመሰላችሁት እኮ” ብላ ሳቀች።

ተጀመረ። ሳነቴ ከነጉሙ ታየ፤ በጣም ያምራል፣ ፋርማሲስቱ ሕጉን ረስቶ ሊናገር ሲል መምህሩ ገላመጠው። ከዚያ በሩ መጣ። አክስቴ በሩ ላይ ቆማለች፤ ፊቷ ቴሌቪዥኑን ሞላው። አፏን ከፈተች። የወጣው ድምፅ የሷ አልነበረም።

መጀመሪያ ሌላ ቪዲዮ የተደረበበት መስሎኝ ነበር። ድምፁ ለስላሳ ነው፣ የሬዲዮ ድራማ ላይ የምንሰማው ዓይነት፣ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ። አክስቴ ጎባ ከኦሮምኛ ጋር ያደገች ሴት ናት። አማርኛዋ ረገጥ ይላል፣ የቃሉን መሃል ሳብ ታደርገዋለች፣ ስትናደድ ወይ ሲደላት ኦሮምኛ ጣል ታደርግበታለች። በዚያ ድምፅ ነው ተረት የነገረችኝ፣ በዚያ ድምፅ ነው የገሠፀችኝ። አሁን ከንፈሩ የሷ ነው፣ እንባው የሷ ነው፣ ድምፁ የሌላ ሴት ነው።

ሕጉ ያዘን። ፋርማሲስቱ ሪሞቱን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። መምህሩ ምንጣፉን ያያል። “አጥፋው” ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ቢጠፋስ ምን እላታለሁ? ዞር ብዬ አየኋት። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ጀርባዋን ሶፋው ሳይነካው ተቀምጣለች። ከንፈሯ በትንሹ ይንቀሳቀሳል። የሚጸልይ ሰው መሰለችኝ። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ የራሷን ቃል ነበር ያለ ድምፅ አብራ የምትለው። እስከ መጨረሻው፣ እያንዳንዱን ቃል።

ስሞቹ ወረዱ። የሷ ስም አለ። ድምፅ የሰጠችው ሴት ስም የትም የለም። ቴሌቪዥኑ ጥቁር ከሆነ በኋላም ማናችንም አልተነፈስንም፤ መናገር ያለባት እሷ ነበረችና።

“ፊልሙ ጥሩ ነው” አለች። ነጠላዋን አስተካከለች። “ሴትዮዋም ጎበዝ ናት።”

ፋርማሲስቱ ከመቀመጫው ተነሳ። “ሱብሃነላህ! ሳነቴ ላይ የምትኖር እናት በቦሌ አማርኛ! አዮ፣ ይደውሉላቸው። አሁኑኑ ይደውሉ!”

ለዳይሬክተሩ ደወለች። ጆሮዋ ከበድ ስለሚል ሁልጊዜ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ ታደርገዋለች፣ ስለዚህ ሁላችንም ሰማን። ዳይሬክተሩ ትሑት ሰው ነው፤ ቢቆጣ ይሻለን ነበር። “እናቴ፣ ቅር እንዳይልሽ” አላት። “ብዙ ፊልም ላይ የሚደረግ ነው። ተራራው ላይ ነፋሱ ድምፁን አበላሸብን። ስቱዲዮ እንዳናስመጣሽ ደግሞ አገሩ ሩቅ ነው። ከዚያም... አነጋገርሽ ላይ ተመልካች እንዳይስቅ ብለን ነው። ትወናው ያንቺ ነው፤ ማን ይወስድብሻል?”

“ልጇን እየሸኘች እኮ ነው” አለች አክስቴ። “ምኑ ያስቃል?”

“አያስቅም፣ አያስቅም። ብቻ ለሽልማቱ እንዳትቀሪ። ካሸነፍሽ ‘አመሰግናለሁ’ ማለት ይበቃሻል።”

ስልኩ ሲዘጋ እኛ ጀመርን። መምህሩ ወደ ቆርቆሮው ተመለሰ። “አይሂዱ። ዕጩነቱን አልፈልግም ብለው ለሕዝብ ያሳውቁ። ያኔ ነው ዋጋ የሚኖረው” አለ። ፋርማሲስቱ “የለም፣ ይሂዱ! ያሸንፉና እዚያው መድረክ ላይ በራስዎ ድምፅ ይናገሩ! የባሌን አነጋገር ያሰሟቸው!” ይላል። ሁለቱም ያምራሉ፤ በሰው ነገር ጀግና መሆን ያምራል። እኔ ያልኳት “እንደፈለግሽ” ብቻ ነው።

አክስቴ ጫማዋን እያደረገች “እናንተ ይኼ ካላማራችሁ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ታያላችሁ” አለችን። “እኔ ግን ያለኝ ይኼው ነው።” ሄደች፣ ለሽልማቱም አዲስ አበባ ሄደች።

ሥነ ሥርዓቱ እሁድ ከሰዓት በቀጥታ ተላለፈ። ያው ሳሎን፣ ያው ሦስታችን። አንዱ ልቤ ባታሸንፍ ይሻላል ይለኛል፤ አንዱ ደግሞ ካላሸነፈች ይሞታል። ስሟ ተጠራ። አቅራቢው ዳኞቹ ለምን እንደመረጧት ከወረቀት ላይ አነበበ፤ “ልብ በሚነካ አንደበቷ” የሚል ነበረበት። መምህሩ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ከኋላ ወንበር ተነስታ፣ ደረጃውን ቀስ ብላ ወጥታ ዋንጫውን ተቀበለች። ከጀርባዋ ትልቁ ስክሪን ላይ የበሩ ትዕይንት ይታያል፣ የዚያች ሴት ድምፅ አዳራሹን ሞልቶታል። ማይክ ሰጧት።

“ዱበዻ!” ብሎ ፋርማሲስቱ ቴሌቪዥኑ ላይ ጮኸ። “ይናገሩ አዮ! ይናገሩ!”

ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋች። ያን ረገጥ የሚለውን አማርኛ ጠበቅሁ፤ አንድ ቃል፣ ምንም ይሁን። ከንፈሯ ተከፈተ። ትንሽ ቆየ። ተዘጋ። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች።

“ከደስታዋ ብዛት ቃል አጣች!” አለ አቅራቢው፣ አዳራሹም ተነስቶ አጨበጨበ። እዚያ ሁሉ ሰው መሃል ከፊልሙ ሰዎች በቀር ነገሩን የሚያውቅላት አንድም ሰው አልነበረም፤ የምናውቀው እኛ ሮቤ ሶፋ ላይ ተቀምጠናል። እንዲያ አቅም ያጣሁበትን ሰዓት አላስታውስም። እናቴ ስትሞት እንኳ ቢያንስ እጇን ይዤ ነበር።

ስትመለስ ጎባ በእልልታ ተቀበለቻት። ጎረቤቱ ሁሉ ዋንጫውን ተራ በተራ ይዞ ፎቶ ተነሳ። ሰዉ ከቀለለ በኋላ ቤቷ ሄድኩና ለምን እንዳልተናገረች ጠየቅኋት። እንደመፍራት ብዬ ነው የጠየቅኋት።

“ልናገር ነበር” አለችኝ። “አውቶቡስ ላይ የምለውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። መድረኩ ላይ ስወጣ ግን ሰዉ እያየኝ እሷን ይሰማል። አፌን ብከፍት ‘ደግሞ አንቺ ማነሽ’ የሚሉኝ መሰለኝ። ይኼን ሁሉ ዘመን ጠብቄ፣ ደርሼ ፈራሁ።”

ይኼኔ ስልኳ ጮኸ፤ አነሳችና እንደልማዷ ድምፅ ማጉያው ላይ አደረገችው። የወጣት ወንድ ድምፅ ነው። እንኳን ደስ አላችሁ አለ። ፕሮዲውሰር መሆኑን፣ ቁጥሩን ከፊልሙ ሰዎች እንደወሰደ ነገራት፤ ተዋናይቷን ነበር የፈለግሁት አለ።

“እኔ ነኝ” አለች አክስቴ።

ሰውየው ሳቀ። ክፋት የለበትም ሳቁ። “አይ እናቴ፣ የተሸለመችውን ማለቴ ነው። ድምፅዋን አውቀዋለሁ እኮ! ዘመዷ ነሽ? እስኪ አቅርቢልኝ፤ ለአዲስ ፊልም ዋናውን ቦታ ይዤላታለሁ።”

ስልኩን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። በመዳፏ መለሰችኝ። ሳትቆጣ፣ በዚያ እኔን ባሳደገኝ ድምፅ፣

“የለችም” አለችው። “ስትመጣ እነግራታለሁ።”