የእትዬ አፍ

ሰፈሩ ካሬ የሚለው ሠዓሊ በሥራው አይታማም። ጉርድ ፎቶ ውሰዱለት፤ በእርሳስ ካሬ ካሬ ያሰምርበታል፣ ሸራው ላይም ያንኑ አስፍቶ ያሰምራል፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየቆጠረ ቁርጥ ሰውየውን አድርጎ ያወጣዋል። አንዴማ የሞተ ዘመዳቸውን የመታወቂያ ፎቶ አምጥተውለት ግማሹን ማኅተም ጭምር ሟቹ ትከሻ ላይ ስሎት አረፈ። ሲጠይቁት፣ "እኔ ምን ላድርግ፣ ፎቶው ላይ አለ" አለ። ታማኝነት እንዲህ ነው እንግዲህ!

ታላቅ እህቱ እትዬ፣ ያሳደገችው፣ ወሬ ከጀመረች ጀንበር ሳትጠልቅ የማትጨርስ ሴት ናት። ጎረቤቷ ሞታ ካሬ ከጉርድ ፎቶ የሳላት ሥዕል ሳሎን ሲሰቀል፣ የሟች የልጅ ልጅ ቀና ብሎ አየና "ይቺ ሴትዮ ማን ናት?" አለ። እትዬ ይህን ሰምታ እህል አልወርድ አላት። በማግስቱ ሱቁ መጥታ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ሳለኝ። እንዲሁ እያየኸኝ።"

"እትዬ፣ ፎቶ አምጪና..."

"ያለኝ የመታወቂያዬ ነው። ያችን ኮስታራ እኔም አላውቃትም። ስሞት የልጅ ልጄ ማንን አይታ ታስታውሰኝ?"

እምቢ እንዳይላት አሳዳጊው ናት፤ እሺ እንዳይል ሠላሳ ዓመት ሲስል ፊቱ የተቀመጠ ሰው ስሎ አያውቅም። "ወንድሜ ዓይኑ ያየውን ሁሉ ይስላል" እያለች አገር ምድሩን የሞላች እሷ፣ ይህን ከምታውቅበት መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጣል። ፊቷ ላይ ካሬ አያሰምር ነገር! ሲጨንቀው የሱቁን መስኮት አየ። ብረቱ ካሬ ካሬ ነው። እሷን በረንዳው ላይ አስቀምጦ እሱ ከውስጥ ሸራውን ዘረጋ።

"አሰርከኝ?" አለች በብረቱ መሀል።

"ብርሃኑ እዚያ ይሻላል።"

መንገደኛው እየቆመ "እናቴ፣ ምን አጥፍተው ነው?" ይላታል።

"ወንድም አሳድጌ" ትላለች።

እሱ ላብ በላብ ሆኗል። ግንባሯን ሁለተኛው ካሬ ውስጥ ሲይዘው ሦስተኛው ውስጥ ያገኘዋል። በሦስት ቀን ዓይኗንም ጉንጯንም እንደምንም ለቃቀመ። አፏ ያለበት ካሬ ግን ባዶውን ቀረ።

"እትዬ፣ እባክሽ አንዴ ዝም በይ።"

"ዝም ያልኩትን ከፈለግክ መታወቂያዬ አለልህ።"

ብሩሹን አስቀመጠ። "አልቻልኩም። እኔ የምችለው ፎቶ መገልበጥ ነው፣ እትዬ። አፈርኩብሽ።"

"ከመጀመሪያው ቀን አውቄአለሁ" አለች። "ስትቆጥር ከንፈርህ ይንቀሳቀሳል፤ ልጅ ሆነህም እንደዚያው ነበርክ። መቁጠር ያስተማረህ ማን ሆነና ነው ከእኔ የምትደብቀው? በል አንሳ ብሩሹን! ሦስት ቀን ወንበር ላይ ያደረቅከኝ ለባዶ ሸራ ነው?" ቁጣዋ ቀጠለ፣ ጣቷም ተነሣ። ካሬ መቁጠሩን ተወና እህቱን አየ። ዕድሜውን ሙሉ የተቆጣው ያ አፍ እንደተከፈተ ሳለው።

ቀለሙ ሳይደርቅ የእትዬ የልጅ ልጅ ሱቁ ገባች። ጣቷን ወደ እርጥቡ ሸራ ስትሰድ ቀና አለች፤ ሥዕሉን አየችና እጇን ከኋላዋ ደበቀች።

"አልነካሁም እኮ፣ እማማ" አለችው፣ ሥዕሉን።

እትዬ በረንዳው ላይ ሆና ሰማች። ሦስት ቀን የተለመነችውን ዝምታ ያኔ ዝም አለች። እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች።

"ትከሻዬ ላይ ማኅተም የለም አይደል?"