የቦቴ ሹፌሩ የሕይወት ታሪክ

የወጣሁ ማታ አባቴ አልተሰናበተኝም ብል ውሸት ይሆናል። ተሰናብቶኛል፤ ግን በር እየጠገነ ነው። አናጺ ነው፣ ሲከፋው የሚጠገን ነገር አያጣም። ሻንጣዬን ይዤ በአጠገቡ ላልፍ ስል፣ ቀና ሳይል፣ «ግጥም ሙያ አይደለም። ሂድና ሙያ ይዘህ ተመለስ» አለኝ። እናቴ ጭኮ በፌስታል ጠቅልላ ሰጠችኝ። ጎረቤቶቻችን ካናዳ ለሚሄድ ሰው ያለቅሳሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። ጁባ ስላቸው የሚሉት ጠፋቸው። አንዷ ብቻ፣ «እሷ ደግሞ የት ናት፣ ከጅማ ታልፋለች?» አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ በአውቶቡስ ደሴ ከመድረስ በአውሮፕላን ጁባ መድረስ ይቀላል። የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት የተቀበለኝን ሙቀት እንዴት ልንገራችሁ? ዳቦ ቤት ገብታችሁ ምድጃው ፊት ቆማችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው፣ ዳቦው የለም እንጂ።

አውሮፕላን ማረፊያው በሰጡኝ የመግቢያ ቅጽ ላይ ሥራ በሚለው ቦታ በእንግሊዝኛ «ፖየት» ብዬ ጽፌ ነበር። የኢሚግሬሽን መኮንኑ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

«ፓይለት ነህ?»

«አይ፣ ፖየት።»

«ፓይለት ከሆንክ ለምን ተሳፋሪ ሆነህ መጣህ?»

«ግጥም ነው የምጽፈው።»

«ማነው የሚከፍልህ?»

«ማንም።»

እስክሪብቶውን አቀበለኝ። «ማንም የማይከፍልበት ነገር እዚህ ቦታ አይጻፍም።» ሰረዝኩና «ሌበር»፣ የቀን ሠራተኛ፣ ብዬ ጻፍኩ። «አሁን ሰው ሆንክ» አለና ማኅተሙን መታልኝ።

ሥራ አለ ብሎ የጠራኝ የሰፈሬ ልጅ ስልኩ አይሠራም። ካምፓላ መሻገሩን የሰማሁት በኋላ ነው። ሃይ ማላካል የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ያከራየኝ የባለቤቷ ወንድም ስለነበር እሷን አላየኋትም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንዲት ረጅም ሴት ባዶ ጀሪካን ይዛ በሬ ላይ ቆመችና፣ «ሞያ ፊ?» አለችኝ።

እኔ «ሞያ» የምትለዋን ብቻ ሰማሁ። የአባቴ ጥያቄ ድንበር ተሻግሮ የመጣብኝ መሰለኝ። በድንጋጤ፣ በአማርኛ፣ «የለኝም። ግን ቶሎ እማራለሁ» አልኳት።

ጀሪካኑን አስቀምጣ፣ እላዩ ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ከዚያ ጥርት ባለ አማርኛ፣ «አንተ ሐበሻ፣ ሞያ እዚህ ውሃ ነው። ውሃ አለህ ወይ ነው ያልኩህ» አለችኝ። አከራዬ ማማ ኛማል ናት፤ ጁባ ልጅ ያላት ሴት ሁሉ ማማ ትባላለች። በስደት ጋምቤላ አድጋ ነው አማርኛ የተማረችው። «ውሃስ አለህ?»

«እሱም የለኝም።»

«ሙያም የለ፣ ውሃም የለ። ተነስ በል። ውሃ የሚያመጡልን የአገርህ ሰው ረዳት ይፈልጋሉ።»

ጋሽ ታደሰን ያገኘኋቸው እንዲህ ነው። ሰማያዊ ቦቴ ይነዳሉ። ከወንዙ ዳር ቀድተን ከሃይ ማላካል እስከ ንያኩሮን በየግቢው በርሜል እንሞላለን፤ እሳቸው መሪውን ይይዛሉ፣ እኔ የውሃውን ጎማ እጎትታለሁ። አንድ ዓመት ተኩል ጋቢና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን የነገሩኝ ነገር አንድ ገጽ አይሞላም። ጠዋት «ጌታ ይመስገን»፣ ማታ «ጌታ ይመስገን»። እሑድ ካቶር ሰፈር ካለችው የሐበሾች ቤተ ክርስቲያናችን የኋላ ወንበር ተቀምጠው መጀመሪያ የሚወጡት እሳቸው ናቸው።

ውሃ ለመቅዳት ተሰልፈን ግጥም እጽፍ ነበር። አንድ ቀን አንብብልኝ አሉና አነበብኩላቸው። ስለ ዕድል፣ ስለ ጨረቃ፣ ስለ ሰው ልጅ።

«ማነው ሰውዬው?» አሉኝ።

«የትኛው ሰውዬ?»

«እግጥሙ ውስጥ ያለው።»

«ማንም አይደለም፤ ሰው በጠቅላላው ነው።»

«እንግዲያ ሰው የለበትም» አሉና ሞተሩን አስነሱ። ለሁለት ቀን አኮረፍኳቸው። ማኩረፌን ያወቁም አይመስለኝም።

ባለፈው የዝናብ ወቅት ታመሙ። ወባ ነው፣ ታይፎይድ ነው ሲባል በአራተኛው ቀን አረፉ።

ፓስተሩ ጠራኝ። «ቀብሩ ነገ ነው። የሕይወት ታሪኩን አንተ ጻፍ። አብረኸው የምትውል አንተ ነህ፣ ገጣሚም ነው ብለውኛል።»

አገባቡን ታውቁታላችሁ፤ ማንም ሳይነበብለት አይቀበርም። «ከአባታቸው ከአቶ» ብዬ ጀመርኩና እጄ ቆመ። የአባታቸውን ስም ከፓስፖርታቸው አገኘነው። እናታቸውን የሚያውቅ ጠፋ። ምእመኑን ዞሬ ጠየቅኩ፤ ሁሉም «ዝምተኛ ነበሩ» ይለኛል። እኔ ራሴ ከዚያ የተሻለ አልነበረኝም። አንድን ሰው በ«ዝምተኛ ነበሩ» ብቻ አፈር ማልበስ አሳፈረኝ። ስለዚህ ውሃ የምናደርስበትን መንገድ በእግሬ ሄድኩት።

ማማ ኛማል፣ «ልጄን የቀበርኩ ሳምንት ሳልጠራቸው መጥተው በርሜሌን ሞሉት። ማሌሽ፣ አይዞሽ እንኳ አላሉኝም፤ ሞልተው ሄዱ» አለችኝ። ንያኩሮን ያለችው ሻይ ሻጭ ደግሞ፣ ሁልጊዜ ሦስተኛ ማንኪያ ስኳር አስጨምረው ሁልጊዜ እንደሚቆጩ ነገረችኝ። ሁሉንም ጻፍኩ። ስለ ሚስት፣ ስለ ልጅ ተናግረው ስለማያውቁ መዝጊያው ላይ «ቤተሰብ አልነበራቸውም» አልኩ።

በማግስቱ ቆሜ አነበብኩ። «የት እንደተወለዱ አላወቅንም» ስል ሰዉ አንገቱን ደፋ። ስኳሩ ጋ ስደርስ ማልቀስ ጀመሩ፤ ለእሳቸው ብቻ ያለቀሱ አይመስለኝም። ከቀብር ስንመለስ ፀጉር የምትሠራ አንዲት እህት፣ ቀልድ አስመስላ፣ «የኔን ከአሁኑ ጻፈው። የአያቴ ስም በዓይኑ ‹ዐ› ነው፣ እንዳትሳሳት» አለችኝ። በሳምንቱ ሌሎች መጡ።

አሁን እሑድ ከአምልኮ በኋላ ማንጎው ሥር ደብተር ይዤ እቀመጣለሁ። እየመጡ ይነግሩኛል፣ እጽፋለሁ። ጨረቃ ትቻለሁ፤ የማን ልጅ ነህ፣ ማንን ትተህ መጣህ ብዬ እጠይቃለሁ። ለምን እንደተፈጠርኩ ያወቅኩ የሚመስለኝ እዚያ ወንበር ላይ ነው። ከብቸኝነቱ ግን አላስለቀቀኝም። ነግረውኝ ቀልሏቸው ይሄዳሉ፣ እኔ ደብተሩን ይዤ ወደ ክፍሌ እገባለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከአገር ቤት ተደወለ። የወጣት ሴት ድምፅ ነው።

«የታደሰን የሕይወት ታሪክ የጻፍከው አንተ ነህ? በቤተ ክርስቲያን በኩል አፈላልጌ ነው ቁጥርህን ያገኘሁት።»

«አዎ፣ ማን ልበል?»

«ልጁ ነኝ።»

ወረቀቱን ከደብተሬ ውስጥ አወጣሁ።

«አንብብልኝ» አለች።

አነበብኩላት። በርሜሉ ጋ ድገምልኝ አለች፣ ስኳሩ ጋ ሳቀች። ከዚያ ቆምኩ። መዝለል እችል ነበር፤ ወረቀቱን አታየውም።

«አለቀ?»

«አንድ መስመር ቀርቷል።»

«አንብበዋ።»

«ቤተሰብ አልነበራቸውም።»

በእሷ በኩል የታክሲ ረዳት ሲጣራ ይሰማኛል። ስልኩ ግን አልተዘጋም።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። «አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ። ስምሽን ንገሪኝ።»

«ስሜን አታውቀውም? አንድም ቀን ጠርቶት አያውቅም?»

አንድ ዓመት ተኩሉን በሙሉ ወደ ኋላ ሄድኩበት። ጠርተውት ነበር ብል ማን ይከሰኛል?

«አልጠሩትም» አልኳት።

«እሺ» አለች። «ቤዛዊት እባላለሁ። ጻፍከው?»

«ጻፍኩት።»

«እንዳልጠራውም ጻፍ።»