የመተማ መንገድና የእናቴ ጠበል

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ከፍኖተ ሰላም ወደ ባሕር ዳር ስትሄድ፣ ባለቤቴ ጠበል በጀሪካን ሞልታ አስያዘቻት። «ለማንም እንዳትሰጪ!» ብላ ስታስጠነቅቃት ሰማሁና የራሴ መንገድ ትዝ አለኝ።

እኔም በሃያ ዓመቴ እንዲህ ያለ ጀሪካን ይዤ ወደ መተማ ወርጄ ነበር። ለሰሊጥ አጨዳ የሄደውን ታላቅ ወንድሜን አያሌውን ወባ እንደጣለው ከዚያው የተመለሰ አንድ የማንኩሳ ሰው መጥቶ ነገረን። እናቴ ከደብራችን ጠበል ቀድታ፣ በሶ ቋጥራ፣ «አጠጣውና ይዘኸው ና ልጄ» አለችኝ።

መስከረም ሊያልቅ ነበር። ደጋውን አደይ አበባ ሸፍኖት ነበር፤ ከጎንደር ቁልቁል በጭነት መኪና ስንወርድ ግን መጀመሪያ ጋቢዬን፣ ቀጥሎ ሹራቤን አወለቅሁ። የሽመል ደኑ፣ የእጣን ዛፉ፣ እስከ ሱዳን የተዘረጋው የሰሊጥ ሜዳ! የሄድኩበትን ጉዳይ ረስቼ በአገሩ ውበት የተደሰትኩበት ጊዜ ነበር፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ረፋድ ላይ፣ አያሌው ያለበት እርሻ ለመድረስ የሁለት ሰዓት መንገድ ሲቀረን፣ ራዲያተሩ አፍስሶ ሞተሩ ጋለ። ሾፌሩ ቀዳዳውን በሳሙና ደፈነው። የሁላችንም የመጠጥ ውሃ ተሰብስቦ ተጨመረ፤ አልበቃም። ያኔ ሁሉም ዓይኑን ወደ እኔ ጀሪካን መለሰ።

«ወንድሜ፣ እሷን ብትጨምርልኝ እንነሳለን» አለኝ ሾፌሩ።

«ጠበል ነው። እንዴት ብዬ ብረት ላይ አፈሰዋለሁ?»

አብረውን የተሳፈሩ አንድ መሪጌታ ከመኪናው ጥላ ሥር ቀና አሉ። «ለማን ነው የያዝኸው?»

«ለታመመ ወንድሜ ነው፣ የኔታ።»

«እንግዲያ አፍስሰው ልጄ። እሱው ነው የሚያደርስህ። ማርያም አትቀየምህም።»

«እናቴ ትቀየመኛለች» አልኩና ጀሪካኑን አቅፌ ተቀመጥኩ። ግትርነቴ እምነት መስሎኝ ነበር። ውሃ የያዘ መኪና የደረሰልን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው።

እርሻው ስደርስ ሠራተኞቹ የእጃቸውን አፈር እያራገፉ ነበር። በረሃ ሬሳ አያሳድርም። «እስከ ቀትር መንገድ መንገዱን ያይ ነበር» አለኝ አንዱ፣ የአያሌውን ማጭድና ጋቢ እያስረከበኝ። ጠበሉን መቃብሩ ላይ አፈሰስኩት። የተሰነጠቀው ጥቁር አፈር ወዲያው ጠጣው።

ቤት ገብቼ ለእናቴ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ጠበሏን ስላላረከስኩባት የምታመሰግነኝ መስሎኝ ነበር። የአያሌውን ጋቢ ጭኗ ላይ አጠፈችው።

«ጠበሉማ እዚሁ ነው፤ ሲቀዳ ይውላል» አለች በመጨረሻ። «ልጄን ከየት እቀዳዋለሁ?»

ያ ጠበል ዛሬም ይፈልቃል። ባለቤቴ ጀሪካኑን የሞላችውም ከዚያው ነው። ባለቤቴ ወደ ጓዳ ስትገባ የልጅ ልጄን ጠራሁና፣ «መንገድ ላይ የጠማው ካለ ስጪ፤ መኪናም ቢሆን» አልኳት።

«መኪና ደግሞ ይጠማዋል እንዴ አባባ?» ብላ ሳቀች።

«ይጠማዋል» አልኳት።