በእትዬ አስቴር ስም

ይህን ለነፍስ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ስንት ጾም ይዤ ስፈታ፣ ጥቃቅኑን ኃጢአት ሁሉ እየለቃቀምኩ ስናዘዝ፣ ይህችን ምላሴ ላይ አድርሼ እውጣታለሁ። እስቲ አንተ አንባቢ ስማኝ፤ ፊትህን ስለማላየው ይቀለኝ ይሆናል።

ሐዋሳ፣ መሃል ከተማ፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። ዘመኑ የግምገማ ዘመን ነው፤ ሠራተኛው በስብሰባ ተነስቶ በራሱም በባልደረባውም ላይ ሂስ የሚያወርድበት። የገበሬዎቹ የመሬት መዝገብ ቡሹሎ ባለው ቅርንጫፋችን ኮምፒውተር ውስጥ ነበር። ያን ማሽን እኔ ከወንበሬ ሳልነሳ በስልክ መስመር እገባበትና፣ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ትእዛዝ እየጻፍኩ እጠግነው ነበር። እዚያ የሚሠሩት እትዬ አስቴር ናቸው፤ ባላቸው ሞተውባቸው በዚያች ደመወዝ ልጆች የሚያሳድጉ ሴት።

አንድ ቀን ጠዋት በራሴ ስም ስገባ ስክሪኑ አበደ። ፊደሉ ሁሉ ተዘበራረቀ፤ ልሰርዝ ስል ሌላ ምልክት ይጽፍልኛል። ጥፋቱ የመስመሩ ነው ወይስ የመግቢያ ስሜ? ለመለየት በሌላ ሰው ስም መግባት ነበረብኝ። ደወልኩላቸው።

«እትዬ፣ የይለፍ ቃልዎን ቢሰጡኝ?»

«ውሰድ ልጄ፣ ምን ችግር አለው!» ብለው ነገሩኝ። እኛ ቢሮ የይለፍ ቃል መንፈግ ሰውን ሌባ ከማለት አይለይም ነበር።

በእሳቸው ስም ስገባ ሁሉም ሰላም። ደስ ብሎኝ ሳላበቃ ግን ስክሪኑ ቀጥ አለ። ብነካው፣ ብደበድበው፣ ወይ ፍንክች! ቆይቶ ሲነቃ፣ መስመሩ ተቋርጦ ወደ ራሴ ማሽን የተመለስኩ መሰለኝ። በራሴ ማሽን ላይ ለመለማመጃ በውሸት ስሞች የሞላሁት፣ መጠሪያው እንደ ቡሹሎው ሁሉ «መዝገብ» የሆነ ፋይል ነበረኝ። እሱን ላጥፋ ብዬ ትእዛዙን ሰጠሁ። በየትኛው ማሽን ላይ እንዳለሁ እዚያው ፊቴ ተጽፏል። አላነበብኩም። እኔ አዋቂው አላነበብኩም! ያጠፋሁት የቡሹሎን መዝገብ ነበር።

ሲገባኝ ቅጂ ፈለግኩ። ቅጂ የለውም። ቅጂ መያዝ የማን ሥራ ነበር? የእኔው! ከዚያ ወዲያ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከቢሮው እወጣለሁ። ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል ከበላይ የተላከ ባለሙያ መጥቶ መረመረና፣ «በወይዘሮ አስቴር ስም ተገብቶ ነው የጠፋው» አለ።

ግምገማ ተጠራ። እትዬ አስቴር ተነሱና፣ «እኔ እሆናለሁ የነካሁት። ይሄን ነገር መች አውቀዋለሁ? ያ ልጅ እንኳ መስመሩን ሊያስተካክልልኝ ደክሞ ነበር» አሉ። ያ ልጅ እኔ ነኝ! ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ። «እኔ ነኝ» ማለት ስንት ቃል ነው? እኔ ግን ብድግ ብዬ፣ «ሆን ብለው አይደለም፤ በግድየለሽነት ነው» አልኩ። የቢሮው ባለሙያ እኔ ነኛ፣ ቃሌ ማስረጃ ሆነ። እሳቸው ከሥራ ተባረሩ።

መዝገቡን ማጥፋቴ ስህተት ነበር፤ ስህተት በማንም ይደርሳል። ግምገማው ላይ ያን መናገሬ ግን ስህተት አልነበረም። አስቤ፣ መርጬ ያደረግኩት ነው። ፈርቼ ነው ልበል? እሳቸውስ እንጀራቸውን ማጣት አያስፈራቸውም ነበር?

ከዓመታት በኋላ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ሲጠብሱ አየኋቸው። ዞሬ ላመልጥ ስል ጠሩኝ። በግድ አስቀምጠው ዓሣ አቀረቡልኝና ለልጃቸው፣ «ያኔ ሁሉ ሲወርድብኝ፣ ‹ሆን ብለው አይደለም› ብሎ የቆመልኝ ይሄ ነው» አሏት። ልጅቷ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ። እኔስ? «ኧረ ምን አደረግኩና!» አልኩ። አልኩና በላሁ።

ይቅር በለኝ አልልህም። ይቅር ማለት የሚችሉት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ዛሬም ባገኙኝ ቁጥር ይመርቁኛል።