የፕሮፌሰር አበጋዝ ለቅሶ በአምባሰል

አርብ ጠዋት ከአዲስ አበባ የተነሳሁት ለቅሶ ልደርስ ነው። የሒሳብ መምህሬ ፕሮፌሰር አበጋዝ አርፈው አዲስ አበባ ተቀብረዋል፤ የአምባሰል ዘመዶቻቸው ደግሞ ፎቶግራፋቸውን አስቀምጠው ሊያለቅሱላቸው ቅዳሜን ቀጥረዋል። የትምህርት ክፍላችን ተወካይ እኔ ነኝ።

ደሴ አድሬ በማግስቱ ማለዳ ሐይቅ ከተማ ገባሁ። ነፋስ ስለነበር የሐይቁ ውኃ ዳር ድረስ እየተላተመ ይመጣል። የተጠበሰ ዓሣ ቀምሼ ወደ ውጫሌ የሚሄድ ሚኒባስ ያዝኩ። ሾፌሩ ከሳውዲ የተመለሰ ጎልማሳ ነው። ጥቁር መልበሴን አይቶ «አላህ ያጥናችሁ» አለኝና ሬዲዮኑን ዘጋ። አስፋልቱ ላይ ወርጄ እስከ ለቅሶው ቤት የቀረውን ዳገት በእግሬ ወጣሁት፤ ትንፋሼ ሊቆረጥ ነበር።

ጓዳ ውስጥ

የፕሮፌሰሩ ታላቅ እህት ወይዘሮ ዘርፌ ከድንኳኑ በር ተቀብለው ወደ ጓዳ ይዘውኝ ገቡ። አልቃሿ እመት አልጣሽ እዚያ ተቀምጠዋል። በዚህ አገር አልቃሽ ከመጀመሯ በፊት የሟቹን ሥራ ትጠይቃለች፤ ያልሠራውን አታነሳም።

«እርሻ የለው፣ ልጅ የለው፣ ምን ብዬ ላንሳው?» አሉ እመት አልጣሽ።

ወይዘሮ ዘርፌ ወደ እኔ ዞሩ። «ወንድሜ ባዶውን እንዳይሸኝብኝ፤ ንገራት ልጄ።»

ፕሮፌሰሩ የተመራመሩበትን፣ አናሊስስ የሚባለውን የሒሳብ ዘርፍ ለተማሪ ማስረዳት እንኳ ያደክመኛል።

«ሐይቁን ነፋስ ሲያምሰው ትልቁም ትንሹም ሞገድ ይደባለቃል» አልኩ። «ሒሳብ ያንን ውጥንቅጥ ወደ ነጠላ ነጠላ ሞገድ ይፈታዋል።»

«መልሰው ቢገጥሙትስ ያው ይሆናል?» አሉ እመት አልጣሽ።

«ሁልጊዜ አይሆንም። መቼ እንደሚሆን ለማወቅ የብዙ አገር ሊቃውንት ተቸግረውበታል። ከባዱን ክፍል ያረጋገጡት የእኛ ፕሮፌሰር ናቸው፤ ውጤቱም በስማቸው ይጠራል። ውጭ አገር ቅሩ ቢሏቸው እምቢ ብለው እዚሁ ሲያስተምሩ አረጁ።»

«ማንን?»

«እኔን። እኔም ዛሬ ሌሎችን አስተምራለሁ።»

እመት አልጣሽ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ።

ድንኳኑ ውስጥ

ከእንግዶቹ ጋር ቆሜ ሳለ የእመት አልጣሽ ድምፅ ተሰማ።

«የሐይቁን ማዕበል ፈትቶ የገጠመው፣
ልጅ አልባ አትበሉት፣ ይኸው ነው የቆመው።»

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እስከዚያ እንባ ያልወጣቸው ወይዘሮ ዘርፌ እያለቀሱ መጥተው ክንዴን ያዙና ከቤተሰቡ መሀል አስቀመጡኝ። እኔም አለቀስኩ። በቀብሩ ዕለት ንግግር አድርጌ ነበር፤ ያን ቀን ግን አላለቀስኩም።

እሁድ ማታ ቤቴ ስደርስ ጎረቤቴ ጥቁር ልብሴን አይታ ማን እንደሞተብኝ ጠየቀችኝ። መምህሬ ልላት ነበር።

«አባቴ» አልኳት።